የኪራይ ድምፅ

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጎማ ቤቱ ፎቅ ላይ፣
ክፍሌ በእንቁላል ካርቶን የተለበጠች፣ አታውቅም ፀሐይ።
ወንበር፣ ማይክራፎን፣ ሌላ የለም ዕቃ፤
ውኃ እጎነጫለሁ፣ ሳነብ እንዳልነቃ።

ኢዮስያስ ነው አለቃ። የበሬ ነጋዴ ነበረ ድሮ፤
አሁን ወሬ ይነግዳል፣ ሁለት በረት አጥሮ።
አንዱ በረት ቀይ ነው፣ በመንግሥት የሚምል፣
አንዱ አረንጓዴ፣ መንግሥት የሚያብጠለጥል።
ከሁለቱም ወገን ፖስታ ይመጣል፣
እሱ አንድ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠዋል።

የሁለቱም በረት አንባቢ ነኝ እኔ።
ለቀዩ ጠዋት ነው፣ ደረቴን ወጥሬ፤
ለሌላው ማታ ነው፣ ድምፄን በእንባ ነክሬ።

አንድ ቀን በባጃጅ ከአቶቴ ስመለስ፣
ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ጎልማሶች ተጨቃጨቁብኝ እስከ ሪፈራል ድረስ።
«ስማ!» ይላል አንዱ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ፤
«አንተ ስማ!» ይላል ሌላው፣ የራሱን አስግጎ።
በሁለቱም ስልክ ውስጥ የምጮኸው እኔ ነኝ፤
መሐል ተቀምጬ፣ በድምፄ እንዳይለዩኝ፣
«ወራጅ አለ» ማለት እንኳ ፈራሁኝ።
ቤቴን አልፌ ሄድኩ። ሃያ ብር ከሰርኩኝ።

ኢዮስያስ ሲሰማ ሳቀ፣ እስኪያነባ፤
«ገበያ ይኼ ነው! ካልተጣሉማ ማን ወደኛ ይገባ?»
እውነቱን ነው። ፖለቲካ አይደለም ይኼ፣ ሒሳብ ነው፤
ቁጣ አንድ ብር ሲያወጣ፣
እውነት አምስት ሳንቲም አታመጣ።

ከዚያ ያ ሐሙስ መጣ።
ሐይቁ ላይ ጀልባ ተገለበጠች። ሦስት ዓሣ አጥማጆች ዋኝተው ወጡ፤
ሸሚዛቸውን ጨምቀው ድንጋይ ላይ አሰጡ።
ወሬው እኛ ዘንድ ሲደርስ ሦስቱ ሠላሳ ሆኑ፤
የዋኙት ሰጠሙ፣ የወጡት ተከፈኑ።
«ሰበር» የሚለው በቀይ፣ በትልቁ ተጻፈ፤
ኢዮስያስ የሌላ አገር ባሕር፣ የሌላ ሰው ሬሳ ፈልጎ ለጠፈ።
እኔም አነበብኩት፣ «ሠላሳ ነፍስ» ብዬ፣
ሲቃ ጨምሬበት፣ ከልቤ አስመስዬ።
ሙሾው መሐል ላይ፣ አሥራ አምስት ሰከንድ ያህል፣
የሳሙና ማስታወቂያ ይገባል፣ አረፋው ሽቅብ ሲል።
አስከሬኑ ሳይታጠብ፣ ሸሚዝ ይታጠባል።

አመሻሽ ላይ በሬ ተንኳኳ። ጎረቤቴ የላሚሶ እናት ናቸው፤
በአንድ እግር ጫማ መጡ፣ ነጠላ ታጥቀው ከወገባቸው።
«ልጄ፣ ድምፅሽን አውቀዋለሁ፣ ሁልጊዜ እሰማሻለሁ፤
ሬሳውን የት ወሰዱት? አንቺ አታጪውም ብዬ መጥቻለሁ።»

ምንም አላልኩም። እጃቸውን ይዤ ወረድን ወደ ሐይቁ፤
አሞራ ገደል ጋ አባ ኮዳዎች ቆመዋል፣ የዓሣ አንጀት ሲጠብቁ።
አለቃዬን በነሱ ልመስለው ነበረ፤
ግን አሞራስ ይታገሣል፣ በቆመ ሰው ላይ መቼ ሰፈረ?

ላሚሶ እዚያው ነው፣ መረብ እየሰፋ፤
«ደህና ነኝ» እንዳይል፣ ስልኩ ሐይቁ ውስጥ ጠፋ።
እናቱ በጥፊ መቱት። አቀፉት። ደግሞ መቱት።
ከዚያ ዞር ብለው አዩኝና፣ «ድምፅሽ ሲያምር» አሉ።
ስድብ በተሻለኝ! ሁለት ቃል ናቸው፣
እስካሁን ድረስ ጆሮዬን ይበላሉ።

«እናርም» አልኩት ኢዮስያስን። እሺ አለ። በሌሊት፣ ያለ ሥዕል፣ ያለ ቀይ።
ሦስት መቶ ሺህ ሰው ሞቱን አይቶ ነበር፤
እርማቱን አሥራ አንድ፤ ሁለቱም እኔው ነኝ፣ በሁለት ስልክ ስቆጥር።
እርማት አወጣን እንጂ፣ እርም አላወጣን።
ስንት ዓመት «ሰበር» ስል፣
ምኑ፣ የማን፣ ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ወሩ ሞልቷል። አከራዬ በሩን ሁለቴ አንኳኩታለች።
ነገ ጠዋት የቀዩ ነው። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ አለ፤
ውኃውም አለ። ጉሮሮዬ ግን ከዚያ ሐሙስ ወዲህ፣
እየጠጣም እየነቃ ዋለ።